ያልጸለይኩበት መሀረብ

መስከረም 20

ውድ እትዬ፣

ይህ ወረቀት እጅዎ ሲገባ ጤናዎ የተሟላ፣ ቤትዎም ሰላም ይሁን። እኔ የእግዚአብሔር ቸርነት ሳይለየኝ፣ ሥራዬም ሳይጓደል አለሁ። በስልክ ድምፅዎን ብሰማ ደስ ባለኝ ነበር፤ ነገር ግን ባለፈው ስደውል ገና ማንነቴን ሳልናገር «እሺ፣ እሺ፣ ደህና ነን» ብለው ዘጉብኝ። ጆሮዬ ስልክ አይወድም፣ ጻፊልኝ ብለው የለ? ይኸው እጽፋለሁ።

የምሠራው አሁንም በሆቴሉ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። ክፍሉ ምድር ቤት ውስጥ ስለሆነ መስኮት የለውም፤ ከጣሪያው ሥር የሞቀ ውኃ ቱቦዎች ያልፋሉ። አንሶላው ከማሽኑ ሲወጣ እኔና አንዲት ባልደረባዬ ጫፍና ጫፉን ይዘን እንዘረጋዋለን፣ ከዚያ እየተቀራረብን እናጥፈዋለን። እሷ የኔን ቋንቋ አታውቅም፣ እኔም የሷን። የጋራ ቋንቋችን አለቃችን ሲቆጣ የሚናገራቸው ቃላት ብቻ ናቸው።

በጉባኤያችን ስለ ጸጋ ስጦታ ትምህርት ተጀምሯል። አስተማሪያችን ያለ ስጦታ የተተወ አማኝ የለም ይለናል። ባለፈው ሳምንት እያንዳንዳችን ያለንን እንድንናገር ጠየቀን። አንዱ ማስተማር አለ፣ አንዷ መዘመር፣ አንዱ እንግዳ መቀበል። ተራው እኔ ጋ ሲደርስ «አላውቅም» አልኩ። ሰው ሁሉ በደግነት ፈገግ አለልኝ፤ ያሳፈረኝም ያ ደግነት ነው። እትዬ፣ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት። እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ፤ እኔ ምን አለኝ?

የጉልበትዎን ሕመም ለጸሎት ቡድናችን ነግሬ አርብ ዕለት ጸልየንልዎታል። ወደ እርስዎ የሚጓዝ ሰው ስላገኘሁም ነጫጭ መሀረቦች ልኬአለሁ። ንጹሕ ጥጥ ናቸው። ራሴ አጥቤ ተኩሼአቸዋለሁ።

የማትረሳዎ ልጅዎ

*

ኅዳር 6

የኔ ልጅ ሚጡ፣

እጅሽ አይዛል፣ እግርሽ እንቅፋት አይምታው፣ የምታጥፊው ሁሉ ይቃናልሽ። እኛ ሁላችን ደህና ነን። እኔማ ከደህናም አልፌአለሁ፤ ተቀመጪና አንብቢ።

መሀረቦቹ የደረሱ ዕለት ጉልበቴ ሊፈነዳ ደርሶ ነበር። አንዱን አጠፍኩና ጉልበቴ ላይ ጠምጥሜ አሰርኩት። ለምን እንዳሰርኩት አትጠይቂኝ፤ እጄ ነው ያሰረው። ጠዋት ስነሳ፣ ልጄ፣ ጉልበቴ የሰው ጉልበት ሆኗል! ደረጃውን ግድግዳ ሳልደገፍ ወረድኩት። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ከሱቋ በር ላይ ሆና አየችኝና «አንቺ ሴትዮ፣ ምን ጠጥተሽ ነው?» አለችኝ።

እሑድ በምስክርነት ሰዓት ተነሳሁ። ታውቂኝ የለ፣ እኔ አንዴ ከተነሳሁ ቶሎ አልቀመጥም። ሽማግሌያችን፣ ባለወፍጮው፣ ሰዓቱን ደጋግሞ አየ፤ እኔ ደግሞ እሱን አላየሁትም። ስጨርስ ግን ራሱ ተነስቶ፣ ከሐዋርያው ገላ የተወሰደ ጨርቅ በሽተኞች ላይ ሲደረግ እንደተፈወሱ የተጻፈውን አነበበልን። ያን ጊዜ ቤቱ በእልልታ ተናጋ።

ምን አለኝ ብለሽ ጠይቀሽኝ አልነበር? መልሱ ይኸው። ያለሽ የመፈወስ ጸጋ ነው። እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ ጉባኤው ነው።

አሁን አንድ ልመና አለኝ። ገንዘብ አላልኩሽም፣ ጫማ አላልኩሽም። መሀረብ ጨምሪልን። ትንንሽም ቢሆን ግድ የለም። ያሉትን አከፋፍዬ ጨርሻለሁ፤ አንዱን ለልብስ ሰፊዋ ሰጠኋት። ስኳሯ እንዴት እንደሚያሰቃያት አንቺም ታውቂያለሽ።

እትዬሽ፣ የምኮራብሽ

*

ኅዳር 29

ውድ እትዬ፣

ጌታ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ ጉልበትዎም እንደጻፉልኝ ይጽናልዎ።

ደብዳቤዎን ምሳ ሰዓት ላይ ከፎጣዎቹ መደርደሪያ ጀርባ ቆሜ አነበብኩት። ደረጃውን ሳይደገፉ ወረድኩ ያሉበት ቦታ ስደርስ አለቀስኩ። ባልደረባዬ መርዶ የመጣብኝ መስሏት አንድ ፎጣ አቀበለችኝ። ሆቴሉ ለእንግዶች የሚያቀርበው ምርጥ ፎጣ ነው፤ እንደገና ማጠብ ነበረብን።

ስለ መሀረቡ ለጻፉልኝ ምን እንደምመልስ አላውቅም። ለጸሎት ቡድናችን ስነግራቸው በጣም ተደሰቱ። አስተማሪያችን ለጉባኤው ሁሉ ተናገረ። ከዚያ ወዲህ የታመመ ሰው ሲኖር ይጠሩኛል፤ እጄን እንድጭንም ያደርጉኛል። የምቀመጠውም ከፊት ሆኗል። እትዬ፣ ወደዚህ አገር ከመጣሁ ሰው በስሜ ጠርቶ ሲፈልገኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

መሀረቦቹን ልኬአለሁ። በዛ ያሉ ናቸው።

ልብስ ሰፊዋን ሰላም ይበሉልኝ። መድኃኒቷን ግን እንደ ቀድሞው ትወስዳለች አይደል?

ልጅዎ

*

ጥር 5

የኔ ሚጡ፣

በገባሽበት ሁሉ ሞገስ ይቅደምልሽ። ፊት ወንበር ላይ መቀመጥሽን ስሰማ ማ እንደነገረኝ ረስቼ ለሁሉም ሰው አወራሁት። ለካ የነገርሽኝ አንቺው ነሽ!

መሀረቦቹ ደርሰዋል፣ አልቀዋልም። ሰው ተሰልፎ ነው የወሰደው። አንዷማ እንቁላል መጣል ላቆመች ዶሮዋ ጠየቀችኝ። «ሴትዮ፣ በጸጋ ስጦታ አይቀለድም!» ብዬ ተቆጣኋት። ተንጠልጥላ አልሄድ ስትለኝ ግን ትንሿን ሰጠኋት። ባለወፍጮውም አንድ ወስዷል፤ ለማን እንደሆነ አልነገረኝም። ለቤተሰብ ይሆናል።

እዚህ ስላለሁት ስለ እኔ አታስቢ። ብርዱ አልከፋም። ጣሪያው የሚያፈስበትን ቦታ አስጠግኛለሁ። የልጅነት ጓደኛሽ፣ ያቺ ኩርፊተኛዋ፣ ወለደች፤ ልጁም እንደ እናቱ ያኮርፋል አሉ።

ስለ ልብስ ሰፊዋ ጠይቀሽኛል። በእምነት በርትታለች። ክኒኑን ለጊዜው አሳርፋዋለች፤ ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ መጠራጠር ነው ትላለች። እኔም እንግዲህ ምን ልበላት? ከእግሯ ጫማ ሥር፣ ከትንሿ ጣት አጠገብ፣ ትንሽ ቁስል ወጥታባታለች፤ የስፌት መኪናው ፔዳል ነው የላጠኝ ብላለች። ትልቁን መሀረብ አስረንበታል። አንቺ ብቻ በጸሎትሽ በርቺልን።

እትዬሽ

*

ጥር 20

እትዬ፣

ሰላምታዬን ዛሬ አሳጥራለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። ትናንት ደጋግሜ ደውዬ ነበር። እኔ እየጮህኩ እርስዎ «እሺ ልጄ፣ ደርሶናል፣ ተባረኪ» ብለው ዘጉት። ስለዚህ በፈጣን ፖስታ እልካለሁ።

መሀረቦቹ ላይ አልጸለይኩም።

በመጀመሪያዎቹ ላይ ያደረግሁት ማጠብ፣ መተኮስና ማጠፍ ነው። ስጠቀልላቸው የማስበው ስለ እርስዎ ጉልበት አልነበረም፤ የመንገደኛው ሻንጣ ይበቃቸው ይሆን እያልኩ ነበር። አርብ ዕለት ስለ እርስዎ የጸለይነው እውነት ነው፤ መሀረቡ ግን መሀረብ ነው። በሁለተኛዎቹ ላይ ለመጸለይ ሞከርኩ። የወጣኝ ጸሎት ግን «ጌታ ሆይ፣ ስጦታ አላት ማለታቸው አይቅርብኝ» የሚል ነበር። ኅዳር ላይ ልነግርዎ ይገባኝ ነበር። ደስ አለኝና ዝም አልኩ።

ጉልበትዎን እግዚአብሔር አላዳነውም አልልም። እሱ በወደደው ጊዜና በወደደው ነገር ያድናል። ሰው ግን እኔን አምኖ መድኃኒቱን እንዲተው አልፈልግም። ስኳር ያለበት ሰው እግር ሲቆስል እንደ ሌላ ቁስል አይደለም። የሆቴላችን ዘበኛ በዚህ ዓይነት ቁስል እግሩ ተቆርጧል፤ እሱም ሲጀምር ጫማ ነው የላጠኝ ሲል ነበር።

እባክዎ እትዬ፣ ይህን ወረቀት ይዘው አሁኑኑ ልብስ ሰፊዋ ጋ ይሂዱ። ያንብቡላት። ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዷት። እኔም በሚመጣው እሑድ በጉባኤያችን ፊት ቆሜ ይህንኑ እናገራለሁ።

ቢቆጡኝም ልጅዎ ነኝ

*

ሚያዝያ 2

ልጄ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። መልሴ የዘገየው ወረቀት አጥቼ አይደለም። መጀመሪያ ተቆጥቼ ነው፤ ቀጥሎ ደግሞ ጊዜ አጥቼ ነው። ሁለቱንም ልንገርሽ።

ደብዳቤሽን አንብቤ ስጨርስ «አዋረደችኝ» አልኩ። ቆሜ የመሰከርኩትን ቆሜ ልመልስ ነው? ያከፋፈልኩትን ሁሉ በየቤቱ ዞሬ ልለቅም ነው? ወረቀቱን ትራስ ሥር ሸጎጥኩት። ነገ እነግራታለሁ አልኩ። ነገውም መጣ፣ ሌላ ነገ አልኩ።

ከልብስ ሰፊዋ ጋር በግድግዳ ነው የምንለያየው። የስፌት መኪናዋ ሲዞር የኔ መደርደሪያ ይንቀጠቀጣል፤ ብርጭቆዎቼ ሁልጊዜ በዳንስ ላይ ናቸው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ብርጭቆዎቹን ሳይ ቆመዋል። ትንሽ ጠበቅሁ። አልተንቀሳቀሱም። ወረቀቱን ከትራሱ ሥር መዝዤ ነጠላ ጫማዬን እንኳ በቅጡ ሳላደርግ ሄድኩ።

እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ ተኝታለች። ትኩሳት አላት። ከላይ እስከ ታች አነበብኩላት።

«ታዲያ ያንቺ ጉልበትስ?» አለችኝ።

«ጉልበቴን ያዳነው እግዚአብሔር ነው። ሐኪሙንም የፈጠረው እሱ ነው። ተነሺ!»

«እምነት የላትም ይሉኛል።»

«በእምነት በረታች ብዬ ያወራሁብሽ እኔ ነኝ፤ አሁን ደግሞ ሌላ አወራለሁ። አፍ እንደሆነ አላጣሁ። ተነሺ ብዬሻለሁ!»

«መቆም አልችልም» ብላ ማልቀስ ጀመረች። እኔም አለቀስኩ። ከዚያ ወጥቼ የሠፈራችንን ጋሪ ገፊ ጠራሁትና ጨርቅ ከሚጭንበት ጋሪ ላይ አስቀምጠን ወሰድናት። መንገዱን ሙሉ «ሰው እያየኝ ነው» እያለች ትበሳጫለች። የሞተች ብትሆን አትበሳጭም ነበር ብዬ እኔ ተጽናናሁ።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ቁስሉን ገልጣ አየችና «እስካሁን የት ነበራችሁ?» አለች። እኔ «ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ። ትልቁ ሆስፒታል ላኩን። ትንሿ ጣት አልተረፈችም ልጄ። እግሯ ግን ተርፏል። ሐኪሞቹ ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ ከጉልበቷ በታች ነበር የምንቆርጠው አሉኝ። ይህን ሲነግሩኝ ደብዳቤሽ በብብቴ ሥር ነበር። እዚያው ኮሪደሩ ላይ ተንበርክኬ ስለ አንቺ አመሰገንኩ። የጽዳት ሠራተኛዋ «እማማ፣ ወለሉ እርጥብ ነው» እስክትለኝ ድረስ አልተነሳሁም።

እሑድ ምስክርነት ሲባል ተነሳሁ። ሰው ሁሉ አሁን ደግሞ ምን ልታወራ ነው ብሎ ተመቻቸ። ደብዳቤሽን አነበብኩት። ጸሎትሽ ምን እንደነበረ የጻፍሽውን ልዘለው አስቤ ነበር፤ አልዘለልኩትም። ክኒኑን ስታቆም እያወቅሁ ምን ልበላት እንዳልኩም ነገርኳቸው። ማንም አልሳቀም። ባለዶሮዋ ብቻ እጇን አውጥታ «ታዲያ ዶሮዬ ለምን ጣለች?» አለች። ባለወፍጮው አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ።

የዚያን ጊዜ ቆመሽ ተናገርሽ? ምን አሉሽ? ጻፊልኝ።

አዋረደችኝ ያልኩትን የተውኩ እትዬሽ

*

ሚያዝያ 25

ውድ እትዬ፣

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከዚህ የሚበልጥ ቃል ብፈልግም አላገኘሁም። ደብዳቤዎን ይዤ ቱቦዎቹ ሥር ተቀመጥኩና ስለዚያ እግር እያመሰገንኩ ምሳዬን ረሳሁት። ስለ ትንሿ ጣት ግን ሐዘኔ አልወጣልኝም። ይህን ለልብስ ሰፊዋ ይንገሩልኝ።

አዎ፣ ቆሜ ተናገርኩ። አንዳንዱ ሰው ከዚያ ወዲህ ሰላም ሲለኝ ይቸኩላል። አስተማሪያችን ጥሩ ሰው ነው፤ «ሳልጠይቅሽ ያወጅኩት እኔ ነኝ» ብሎ በሁሉ ፊት ይቅርታ ጠየቀኝ። እኔም ወደ ድሮ ወንበሬ፣ ከበሩ አጠገብ ወዳለው ተመለስኩ። ስንወጣ አንዲት ሴት እጄን ያዘችና «ስጦታው ከሌለሽ ግድ የለም፤ ስለ ልጄ ትጸልይልኛለሽ ወይ?» አለችኝ። እጸልያለሁ አልኳት፤ በዚያው ሳምንትም አደረግሁት።

ሌላም ነገር አለ። ያን ደብዳቤ ከላክሁ በኋላ የእርስዎ መልስ ሲዘገይብኝ የማደርገው ጠፋኝ። አንሶላ ባነሳሁ ቁጥር የልብስ ሰፊዋን ስም እጠራለሁ። ስንዘረጋ እጠራታለሁ፣ ስናጥፍ እጠራታለሁ። ማንም እንዲያውቅልኝ አይደለም፤ ካልጠራኋት ልቤ አያርፍም ነበር። አንድ ቀን ባልደረባዬ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አየች። በእጇ ምልክት ምንድን ነው አለችኝ። እጆቼን ገጥሜ አሳየኋትና ስሙን ጮክ ብዬ ተናገርኩ። አንሶላውን ይዛ ቆም አለች። ከዚያ አንድ ስም ነገረችኝ። የእናቷ ይሁን የልጇ አላውቅም። እንደገና አስደገመችኝ፤ በትክክል እስክለው ድረስ አንሶላውን አልለቀቀችልኝም። አሁን በየጠዋቱ ሥራ ስንጀምር ያንን ስም ትነግረኛለች፤ አንዳንዴ አዲስ ስም ትጨምራለች። ከአለቃችን ቁጣ ሌላ የምንግባባበት ነገር አገኘን።

አስተማሪያችን በቀደም «ታዲያ ስጦታሽን አገኘሽው?» ብሎ ጠየቀኝ። «እሱን አላውቅም፤ ሥራ ግን አግኝቻለሁ» አልኩት። ሳቀና እንዲሁ እየሠራሽ እደጊበት አለኝ።

እትዬ፣ እኔ ምን አለኝ ብዬ ስጠይቅዎ ስለ እርስዎ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። ያቺን ሴት በጋሪ ጭኖ ሐኪም ፊት ያደረሳት ማነው?

ልጅዎ

*

ሰኔ 8

የኔ ሚጡ፣

ደስታሽ አይጉደል፤ ያቺም ባልደረባሽ የጠራቻቸውን ሁሉ በደህና ታግኛቸው። ስሟን ጻፊልኝ፤ እኛም በጸሎት እንጥራት።

ልብስ ሰፊዋ ሥራ ጀምራለች። ፔዳሉን በሌላኛው እግሯ ትረግጣለች፤ መጀመሪያ ላይ ስፌቱ እየተጣመመ ስትሳደብ ነበር፣ አሁን ለምዳዋለች። ክኒኗን እኔ ፊት ነው የምትውጠው፤ ምላሷን አውጥታ ታሳየኛለች። ብርጭቆዎቼ ዳንሳቸው ላይ ናቸው፤ አንዱማ ወድቆ ተሰበረ። አልተቆጣሁም።

ስለ እኔ ስጦታ የጻፍሽውን አንብቤ ሳቅሁ። ወሬ መውደድ ደግሞ እንዴት ስጦታ ይሆናል? እኔ ያደረግሁት ነገር ቢኖር ጤና ጣቢያው ሰልፍ ላይ ዝም ማለት አለመቻሌ ነው። ከፊቴ ያለውን እጠይቀዋለሁ፣ ከኋላዬ ያለችውን እጠይቃታለሁ። ለካስ ብዙ ሰው ሐኪሙን ሳይሆን ብቻውን መሄዱን ነው የሚፈራው። ልብስ ሰፊዋን ካመላለስኩ በኋላ ጋሪ ገፊው ስለ ዓይኑ ለመነኝ፤ አብሬው ሄድኩ። ባለዶሮዋን ስለ ሆዷ ወሰድኳት። የካርድ ክፍሉ ሰዎች «እማማ ሰልፍ» ብለው ስም አውጥተውልኛል። ዘበኛው ገና ከሩቅ ሲያየኝ «ዛሬ ደግሞ ማንን አመጡብን?» ይለኛል። ይህ ስጦታ ከሆነ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ካልሆነም ለራሴ መውጫ ሆኖኛል።

ይህን ስጽፍልሽ በሩ ተንኳኳና አቋረጥኩ። አሁን ነው የምቀጥለው።

የመጣው ባለወፍጮው ነበር። የእሑድ ኮቱን ለብሷል፤ ዛሬ ማክሰኞ ነው። ግባ አልኩት፣ ገባ። ውኃ ሰጠሁት፣ አልጠጣም። ስለ ዝናቡ አወራ፣ ስለ እህል ዋጋ አወራ። እኔም እንደ ምንም ብዬ ዝም አልኩ፤ ልጄ፣ ይህ ለእኔ ቀላል እንዳይመስልሽ። በመጨረሻ የሸሚዙን ኮሌታ ፈታና አንገቱን አሳየኝ። ከጆሮው ሥር እንቁላል የሚያህል እብጠት አለ። ዓመት አልፎታል አለኝ። ለሚስቱም አልነገራትም። ሽማግሌ ሆኖ የሰውን እምነት እያበረታ እንዴት ፈራሁ ይበል?

«ነገ ጠዋት ሥራ አለሽ?» አለኝ።

«የለኝም» አልኩት።

ኮሌታውን ቆለፈ። በሩ ላይ ደርሶ እንደገና ቆመ። «አብረን ስንሄድ ቢያዩን ሰው ምን ይላል?»

«ሰውማ እዚያው ሰልፉ ላይ ነው ያለው» አልኩት።

ሳቀ። እሱ ሲስቅ ካየሁ ስንት ጊዜዬ! ስሙን ታውቂዋለሽ፤ ነገ አንሶላ ስትዘረጉ ለባልደረባሽ ንገሪያት። እኛ በማለዳ እንወጣለን።

እትዬሽ